ስለቱ ያልደረሰ ጃንጥላ

ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ለሞተ ሰው ጤና ሲጸለይ «አሜን» ብያለሁ። ጸሎቱን የምታደርሰው የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ነበረች። የሚጸለይላቸው አባቴ ናቸው። እሷ ታመው አልጋ ላይ ያሉ ይመስላታል፤ እኔ መቀበራቸውን አውቃለሁ። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ እጄን ዘርግቼ፣ ዐይኔን ጨፍኜ፣ አሜን።

ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ፤ ስለዚህ ይህን የምጽፈው ኃጢአቴ እንዲቀልልኝ ብዬ አይደለም። ቅዳሴ ሲያልቅ ልጆቻቸውን ቤት ማስተማር የሚፈልጉ እናቶች ይጠይቁኛል። ለእነሱ እስከ ዛሬ የምነግራቸው ጥሩ ጥሩውን ብቻ ነበር። ይኼኛውም ይነገር።

በወረርሽኙ ጊዜ ተዘግቶ የነበረው ትምህርት ቤት ሲከፈት የሌላ ሰው ልጆች ተመለሱ፤ የእኔ አልተመለሰችም። ባለቤቴ አልወደደውም። እሱ እዚህ አሜሪካ፣ ሆሊውድ አንድ ሆቴል በር ላይ የእንግዶችን መኪና ፓርክ ያደርጋል፤ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የሚውል ሰው ነው። «አንቺ ሰው ፈራሽና ልጅቷን ደበቅሻት» አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አንዷ ለአንዷ «ቤት ዘግታ ልታደነቁራት ነው» ስትል ከኋላዬ ሰማሁ። መልስ አልሰጠሁም። መልስ አለመስጠቴን እንደ ትዕግሥት ቆጥሬው ነበር፤ ትዕግሥት ግን አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄን ሳስተምር ግማሹ ለእሷ፣ ግማሹ ለእነዚያ ሴቶች ነበር።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ወጥ ቤት ጠረጴዛው ጋ ቆመን እንጸልያለን፤ ከዚያ ትምህርት። ማክሰኞና ሐሙስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አማርኛ ነው፤ አስተማሪዋም አባቴ ነበሩ፣ ከደብረ ብርሃን በስልክ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ለእኛ ጠዋት ሲሆን ለእሳቸው ማታ ነው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይጠብቋታል። ስልኩን የስኳር ጣሳው ላይ አስደግፋ ፊታቸውን እያየች ትጀምራለች።

«አባባ፣ ዛሬ ምን በላህ?»

«በሉ በይ! አንቱ!» እላለሁ እኔ ከምድጃው ጋ።

«አንቺ ደግሞ ተያት» ይላሉ አባቴ። «አንተ ስትለኝ ጥርሴ ሁሉ የተመለሰ ይመስለኛል።»

ዳዊት ያስነብቧት ነበር። ስትሳሳት «ተሳሳትሽ» አይሏትም፤ አንድ ጊዜ ኡሁ ብለው ይስላሉ፣ በቃ። እሷ ትቆማለች፣ ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ ስሕተቷን ራሷ ፈልጋ ታገኘዋለች። እኔንም እንዲሁ ነበር ያስተማሩኝ። እኔ ግን ልጄን እንዲህ አላስተምርም፤ እኔ ቀይ እስክሪብቶ አለኝ።

ከዚያ አባቴ ግቢያቸው ውስጥ አዳልጧቸው ወደቁ። ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ሆስፒታል ሲተኙ ሳንባቸው ታመመ። ስልኩ ተቋረጠ። ልጄ ጠዋት ስንጸልይ «አባባን ማርልኝ» ማለት ጀመረች፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሳልጠብቀው፣ «አባባ ከዳነ ለእመቤታችን ጃንጥላ እሰጣለሁ» ብላ ተሳለች። ሴቶች ስለታቸው ሲደርስ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ ይዘው ሲመጡ፣ እልል ሲባልላቸው ታያለች።

«ግን ኦንላይን የተገዛ አይደለም፣ ማሚ። ራሴ የሠራሁት።»

በውስጤ ከእናቷ በፊት አስተማሪዋ ነቃች። ይኼ እኮ ትምህርት ነው አልኩ። ባለቤቴ ከሥራ አንድ ትልቅ አሮጌ ጃንጥላ አመጣላት። ጨርቁን ገፈፈችው፤ ስምንት ሽቦ ቀረ። ሦስት መቶ ስድሳን ለስምንት አካፈለች፤ አርባ አምስት ዲግሪ። በጋዜጣ ቆርጣ ሞከረች፤ ረገበ። ጃንጥላ ጠፍጣፋ አይደለም፣ ጎበጥ ያለ ነው፤ ስለዚህ አንግሉ ማነስ አለበት። ይህን ማንም ሳይነግራት ደረሰችበት። ሥራውን በጀመረች በአራተኛው ቀን፣ ረቡዕ ዕለት አባቴ ሞቱ።

እኔ የሰማሁት ቅዳሜ ነው። ልጄ አርብ ማታ የባለቤቴ እኅት ቤት ሄዳ አድራ ነበር። ገና ሳይነጋ በር ተንኳኳ። ስከፍት የንስሐ አባቴ፣ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ አንድ ጋሼ፣ ሁለት ሴቶች። በዚያ ሰዓት ለአራት ሆኖ፣ ነጠላ አጣፍቶ፣ ቀና ብሎ ሳያይሽ በር ላይ የሚቆም ሰው ለምን እንደመጣ ሀገሬው ያውቀዋል። «ማን?» አልኩ፤ ግን ማን እንደሆነ አውቄያለሁ። ባለቤቴ ከኋላዬ ያዘኝ። እሱ ከሐሙስ ጀምሮ ያውቅ ኖሯል።

አለቀስኩ። ልቅሶዬ ጋብ ሲል መጀመሪያ ያልኩት ነገር፣ «ለልጅቱ እንዳትነግሩብኝ» ነው።

ማንም አልተገረመም። እኛ ሞትን ከእርጉዝ እንደብቃለን፣ ፈተና ካለበት ተማሪ እንደብቃለን፣ ከበሽተኛ እንደብቃለን። «ልክ ነሽ፣ ሕፃን ናት» አሉ። እስከ መቼ ብሎ የጠየቀኝ ባለቤቴ ብቻ ነው፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ።

«አስተማሪዋ መጥታ እስክትሄድ» አልኩት። ቤት ለሚማሩ ልጆች ኃላፊ የሆነው ትምህርት ቤት በየወሩ አንዲት አስተማሪ ይልካል፤ የልጅቱን ሥራ ታያለች፣ በየቀኑ ያስተማርኩትን የምጽፍበትን መዝገብ ታያለች፣ ካላሳመናት ወደ ክፍል ትመለስ ልትል ትችላለች። ልትመጣ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል።

«አያቷ እኮ ናቸው። ታልቅስ።»

«ትረበሻለች። ሥራዋ ይበላሻል።»

«የማን ሥራ?» አለኝ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠሁት በኋላ፣ ለሌላ ሰው ነው።

ለቅሶውን ሦስት ቀን የተቀመጥኩት የባለቤቴ እኅት ቤት ነው፤ ለልጄ ከትምህርት በኋላ አዛውንት የምንከባከብበት ሥራ ላይ ሰዓት ጨመሩብኝ አልኳት። ጥቁር ልብሴ መኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነበር። ስሄድ ክሬንሾው አካባቢ አንድ ነዳጅ ማደያ ሽንት ቤት ገብቼ እለብሳለሁ፤ ስመለስ እዚያው አወልቃለሁ። በሦስተኛው ቀን ሻሼን ማውለቅ ረስቼ ገባሁ። «ማሚ፣ ጥቁር ያምርብሻል» አለችኝ።

ቀዩን ከፈይ የገዛነው ከዚያ በኋላ ነው። ዘርፉን ፍለጋ የሐበሻ ሱቆች ያሉበት ፌርፋክስ ወረድን፤ ነጠላና ቅመም የሚሸጡ አንዲት እትዬ ዘንድ። ከሩቅ ሲያዩኝ ፊታቸው ጠቆረ፤ ከባንኮኒው ወጥተው እጃቸውን ዘረጉ።

«ውይ ልጄን! ነፍስ ይ...»

በዐይኔ ወደ ልጅቱ አመለከትኳቸው። እትዬ ዕድሜ ልካቸውን የነገዱ ሰው ናቸው፣ አይደናገራቸውም።

«...ነፍሴ! እንዴት አድገሻል አንቺ! ምን እየቀለበችሽ ነው?» ብለው እሷን አገላብጠው ሳሙ። ዘርፉን ሲለኩላት ለምን እንደሆነ ጠየቋት። ነገረቻቸው። መቀሱ እጃቸው ላይ ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ፣ ከዚያ ሁለት ክንድ የሚያህል ጨምረው ቆረጡላት። «ውሰጂ፣ ይኼ የእኔ ነው» አሏት። ስንወጣ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ይኼ ነገር አላማረኝም» አሉ በጆሮዬ።

እኔንም አላማረኝም። ግን ጃንጥላው አምሮ ነበር።

መዝገቡ ላይ ማክሰኞና ሐሙስ «አማርኛ፣ ከአያቷ ጋር፣ አርባ አምስት ደቂቃ» እያልኩ መጻፌን ቀጠልኩ። አንድ ቀን አየችው።

«አባባ እኮ አልደወለም።»

«እሳቸው ያስተማሩሽን ስላነበብሽ ነው።»

«ኦኬ» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ልጄ ታምነኝ ነበር። ቀላል ነበር፤ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ቀላልነቱ ነው።

አስተማሪዋ ሐሙስ መጣች። ዌስትውድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ እንደወጣች የምታወራ፣ ቶሎ የምትስቅ ልጅ ናት። ሒሳቡን አየች፣ ድርሰቱን አየች፤ ጃንጥላው ሲከፈት ግን ከወንበሯ ተነሣች። ልጄ የጋዜጣውን ንድፍ አውጥታ አንግሉ ለምን እንደሚያንስ አስረዳቻት። አስተማሪዋ በዚህ ዓመት ካየሁት ሁሉ ይኼ ይበልጣል አለች። እኔ በልቤ እነዚያን ሴቶች አሰለፍኳቸው፤ ስሙ አልኳቸው።

«ለምን የሚሆን ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«አያቴ ታሟል። ሲድን ለቤተ ክርስቲያን ልሰጠው ነው።»

አስተማሪዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ወደ እኔ ዞረች። «አሁን እንዴት ናቸው?»

ልጄ ታየኛለች። ጃንጥላው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። «ደክመዋል» ማለት እችል ነበር። «በኋላ እንነጋገራለን» ማለት እችል ነበር። ዝም ማለትም ይቻል ነበር።

«እየተሻላቸው ነው» አልኩ።

አስተማሪዋ ጥሩ ጥሩውን ጽፋ ሄደች። በሩ ሳይዘጋ ልጄ ወገቤን አቀፈችኝ።

«እየተሻለው ነው አልሽ! ለምን አልነገርሽኝም? ሶ፣ ስለቴ ደርሷል ማለት ነው! እሑድ እንወስደዋለን!»

ያን ጊዜ ነው የጀመርኩት ነገር ሁሉ ወዴት ሲሄድ እንደነበር የታየኝ። ለቅሶዬ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ እሑድ እዚያ ናቸው። ልጄ በእነሱ ፊት ጃንጥላ ዘርግታ፣ እመቤታችን አያቴን አዳነችልኝ ልትል ነው። ወይ እልል ብለው አብረውኝ ይዋሻሉ፣ ወይ ዝም ይላሉ፤ እሷም ከዝምታቸው ትረዳዋለች። ከሁለቱም በኋላ ያቺ ልጅ ከእኔ ጋር ቆማ የምትጸልይበት ምክንያት አልታየኝም። ባነበብናቸው መጻሕፍት ሁሉ፣ በመዝገቡ ሁሉ፣ ከትምህርት ቤት ያስቀረኋት እምነቷን እንዳታጣብኝ ብዬ ነበር።

አርብ ቀን የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ታጣፊ የሰርግ ወንበሮች እያጠፉ ሲደረድሩ አገኘኋቸው። እያገዝኳቸው ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም።

«ማንን ብለሽ ነው የደበቅሽው?» አሉ መጨረሻ ላይ።

«ልጅቱን ብዬ፣ አባቴ።»

አንድ ወንበር አጠፉ። ሌላ ወንበር አጠፉ።

«ራሴን ብዬ ነው» አልኩ። «ቤት ያስቀመጥኳት ልጅ በለጠች እንዲባል ብዬ ነው።»

«እህ» አሉ። እንዳወቁት አወቅሁ። «እኛም አጥፍተናል። ሕፃን ናት ስትዪን አንድም ሰው ልጅቱን አላሰበም። ስለት የተሳለ ሰው እንዴት ሕፃን ይባላል? መርዶዋ በሥርዓቱ ይነገራት። ነገ ጠዋት እንመጣለን።»

«እኔ ብነግራትስ?»

«አንቺንማ አታምንሽም፣ ልጄ» አሉኝ፤ በቁጣ አልነበረም።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ያው አራቱ ሰዎች መጡ። ባለቤቴ ልጅቷን ቀሰቀሳት። በሌሊት ልብሷ፣ ጸጉሯ ቆሞ፣ ዐይኗን እያሸች ወጣች። ስትገባ ጋሼ ብድግ አሉ። ጉልበታቸው እያመማቸው፣ ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከወንበራቸው ተነሡላት። ሌሎቹም ተነሡ። ሁላቸውንም አየች።

«ነይ የኔ እመቤት፣ ተቀመጪ» አሏት ጋሼ። «አያትሽ ታመው እንደነበር ታውቂያለሽ። ጸልየሽላቸዋል። ብዙ ታገሉ። እግዚአብሔር ወደ እርሱ ወስዷቸዋል።»

«መቼ?» አለች።

መርዶ ሲነገር ይህን ማንም አይጠይቅም፤ ሰው ይጮሃል እንጂ። ጋሼ ወደ ቄሱ አዩ፤ ቄሱ ወደ እኔ።

«ዛሬ ሃያ አራት ቀናቸው ነው» አልኩ።

ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች። ሒሳብ ስትሠራ እንዲህ ነው የምታደርገው።

«ቀዩን ጨርቅ ስንገዛ?»

«ሞተው ነበር።»

«ጠዋት ጠዋት ስጸልይ፣ አሜን ስትዪ?»

«አውቅ ነበር።»

አልጮኸችም። ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ገባች፣ ቆለፈችው። ልሄድ ስል አንደኛዋ ሴት ቀሚሴን ያዘችኝ፤ «አንቺ ተቀመጪ፣ ዛሬ ያንቺ ለቅሶ አይደለም» አለችኝ። ብዙ ቆይታ ወጣች። ከእኔ ጎን ያለውን ወንበር አልፋ ጋሼ አጠገብ ተቀመጠች፣ ኮታቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ጋሼም አብረዋት አለቀሱ። ሴትዮዋ ለእሷ ብላ ንፍሮ ቀቅላ በፌስታል ይዛ መጥታ ነበር፤ «ብዪ፣ ያንቺ ነው» እያለች በእጇ ሰጠቻት።

ሰኞ ጠዋት ብቻዬን ጸለይኩ። ልጄ የሒሳብ ደብተሯን ገልጣ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ማክሰኞም፣ ረቡዕም። የታዘዘችውን ትሠራለች፣ የተጠየቀችውን ትመልሳለች። እንዲህ ያለች ጎበዝ ተማሪ ሆና አታውቅም፤ እንዲህ ፈርቻትም አላውቅም። ለአስተማሪዋ እውነቱን ጻፍኩ፦ አባቴ እሷ ከመምጣቷ በፊት ሞተው እንደነበር፣ አምስት የአማርኛ ክፍለ ጊዜ በሐሰት መመዝገቤን። ሐዘኔን እንደተካፈለች ጻፈችልኝ፤ አምስቱን እሰርዛለሁ፣ ጃንጥላው ግን ፋይሉ ውስጥ ይቆይ እንደሆነ ልጅቷን ጠይቂያት አለች።

ጠየቅኋት። «እንደፈለግሽ» አለችኝ። «ያንቺ ፕሮጀክት ነው።»

በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ልክ ስልኩ ይደወልበት በነበረው ሰዓት ዳዊቱን ከመደርደሪያው አወረደች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ አልገለጠችውም።

«ለሞተ ሰው ይጸለያል?»

«ይጸለያል።»

«ይሰማል?»

አፌ ላይ የመጣው የአስተማሪ መልስ ነበር፤ ዘጠኝ ነጥብ አለው፣ ጥቅስ አለው። ዋጥኩት።

«እኔ ይሰማል ብዬ ነው የማምነው። እንዴት እንደሆነ አላውቅም።»

እዚያ ጠረጴዛ ላይ «አላውቅም» ብዬ አላውቅም ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቴን መረመረችው። «ኦኬ» አለችና ማንበብ ጀመረች። አባቴ ካቆሙበት ቦታ። አንድ ቃል ላይ ተሳሳተች፤ ቆመች። ዐይኗ ወደ ስኳር ጣሳው ሄደ። ጠበቀች። እኔም ጠበቅሁ፤ እስክሪብቶዬን እንኳ አላነሣሁም። ማንም አልሳለም። ወደ ኋላ ተመለሰች፣ ስሕተቷን ራሷ አገኘችው፣ አስተካክላ ቀጠለች።

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። አባቴ ከሞቱ ጀምሮ ፍትሐት ተደርጎላቸዋል፣ ሻማ አብርቻለሁ፣ እምነት አለኝ እላለሁ። ነገር ግን በአፌ እየጸለይኩ በልቤ አባቴ አልቀዋል ብዬ ኖሮ ይሆናል፤ ስማቸውን በሕያዋን ወገን ለማስጠራት ያላፈርኩት ለዚህ ይመስለኛል። ያን ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ አላለቁም አልኩ። ከዚያ ሄጄ ዕቃ ማጠቢያው ጋ አለቀስኩ። እሷም አይታኝ ማንበቧን አላቋረጠችም።

ለአርባቸው በሚቀርበው እሑድ ጃንጥላውን ይዛው እንደምትሄድ ነገረችን። የቀረውን ዘርፍ ብቻዋን ሰፍታ ጨርሳዋለች፤ እትዬ የጨመሩላት ሁለት ክንድ ባይኖር አይበቃም ነበር። ስለት የሚቀበሉት እናት ጠረጴዛ ጋ ሰው ተሰብስቦ ነበር። እሳቸው ከሌላ ከተማ በቅርብ የመጡ ናቸው፣ ወሬውን አልሰሙም።

«ሰፍተሽው ነው? ጉድ! ስለትሽ ደረሰልሽ የኔ ልጅ?»

ዙሪያዬ ያሉት ሴቶች ሁሉ ያውቃሉ። «ቤት ዘግታ ልታደነቁራት ነው» ያለችው እንኳ እዚያ አለች። እኔ አፌን ልከፍት ነበር፤ ልጄ ቀደመችኝ።

«አልደረሰም» አለች። «አያቴ ሞቷል። ግን ጨርሼዋለሁ።»

እልልታ አልነበረም። ሴትዮዋ እስክሪብቶውን ይዘው ምን እንደሚጽፉ ግራ ገባቸው። ጋሼ ከኋላ መጥተው ጃንጥላውን ተቀበሏት፣ ዘረጉት። ከከፈዩ መጀመሪያ የቆረጠችው አንዱ ክፍል ትንሽ ሰፍቶባት አሁንም ረገብ ያለ ነው፤ ጨርቅ እንዳይባክን ብላ አልቀየረችውም ነበር። ፍትሐቱ ሲደርስ ከካህናቱ በላይ ተዘርግቶ አየሁት። ያቺ ያማችኝ ሴት ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «ልጅ አሳድገሻል» አለችኝ። ያን ሁሉ ዓመት ልሰማው የለፋሁበት ቃል ነው። መሬት መሬት አየሁ። እኔ አልነበርኩማ ያስተማርኳት።

አሁን ጠዋት አብረን እንጸልያለን። የአባቴን ስም በሙታን ወገን ታነሣለች፤ አሁንም «አባባ፣ አንተ» ነው የምትላቸው፣ አላርማትም። ጸሎቷን ስትጨርስ ግን እንደ ድሮ ዐይኗን ጨፍና አትጠብቀኝም። ቀና ትልና ፊቴን ታየኛለች፤ አሜን ስል።